ቀለሙ ለምን ተላጠ? (ኮምቦልቻ ላይ ለሞዴል ሠሪ ልጆች ያወራሁት)

ቅዳሜ ዕለት ኮምቦልቻ ላይ፣ መኪና አውሮፕላን ሕንጻ አሳንሰው ለሚሠሩ ልጆች ስለ ፕራይመር ያወራሁትን አንዷ ልጅ በስልኳ ቀድታ ቃል በቃል ጽፋ ላከችልኝ። ብዙም አልነካሁትም፣ የሳልኩበትንና ሁለት ቦታ የተሳሳትኩትን አስተካክዬ እንዳለ ለጥፌዋለሁ።

አሰላሙ ዓለይኩም! ጤና ይስጥልኝ! እንዴት ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? ማይኩ እምቢ ብሏል መሰለኝ፣ አብሽሩ በጉሮሮዬ እወጣዋለሁ፣ እኔ ኮምፕሬሰር እየጮኸ ሰው የማናግር የጋራዥ ሰው ነኝ። ጠዋት ከደሴ ስነሳ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ ጫፉ አይታይም፣ ብርዱ ጣት ይቆርጣል፣ ሐረጎን ወርጄ እዚ ስደርስ ጃኬቴን አውልቄ በእጄ ያዝኩት። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመጣባታለሁ፣ ለቀለም ሰው ደሴና ኮምቦልቻ ሁለት አገር ናቸው።

እናቶች አባቶችም እንዳላችሁ አያለሁ፣ ልጆቻችሁ ማታ ማታ በር ዘግተው ምን እንደሚሠሩ ለማየት ነው የመጣችሁት አይደል? ጥሩ አደረጋችሁ፣ ወሬው እናንተንም ይመለከታል፣ ቀለሙ የሚነፋው እናንተ ቤት ውስጥ ነውና።

ዛሬ ስለ ፕራይመር ነው የማወራው። በር ላይ አንዱ ልጅ ስሙን አልጠራም ይቅርታ፣ «ጋሼ ፕራይመር ላይ ደሞ ምን የሚወራ አለ፣ ከቀለም በፊት የሚቀባ ቀለም አይደል እንዴ» አለኝ። አይደለም! ቀለም ቢሆን ኖሮ ስም አያወጡለትም ነበር። ሦስት ነገር ነው የምለው፣ አንደኛ ለምን እንቀባዋለን፣ ሁለተኛ የቱ ለየቱ እቃ ይሆናል፣ ሦስተኛ እንዴት ሳንታመም ቤትም ሳናቃጥል እንነፋዋለን። ሦስተኛው ላይ እቆያለሁ፣ ጊዜ ካጠረኝ ከመጀመሪያው ነው የምቀንሰው።

አንደኛውን በታሪክ ልጀምር። እኔ ያደኩት ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ያን ጊዜ በሳጥን ታሽጎ የሚመጣ ተገጣጣሚ፣ ኪት የሚባል ነገር ማን ያውቃል፣ መኪና የምንሠራው ከሰርዲን ቆርቆሮ ነው፣ ጎማው ቆርኪ፣ መሪው ሽቦ፣ አንዱ አይሱዙ ነው ይላል አንዱ ኤንትሬ ነው ይላል፣ ሁሉም ግን ሰርዲን ሰርዲን ይሸታል። ጎረቤታችን የነበሩ ሰውዬ በራቸውን ቀብተው የተረፈቻቸውን አረንጓዴ የዘይት ቀለም ሰጡኝና ቀባኋት። ሲያምር! ሰፈሩ በሙሉ መጥቶ አያት። በሦስተኛው ቀን አንድ ልጅ ጫፏን በጥፍሩ ነካ ሲያደርጋት ቀለሙ እንደ ሙዝ ልጣጭ ሙልጭ ብሎ ወረደ። ቀናብኝ ብዬ ያዝኩት፣ ወላሂ ተደባድበናል፣ እናቴ ናት የገላገለችን። ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የሰርዲኑ ዘይት መሆኑ የገባኝ ከስንት ዓመት በኋላ ጋራዥ ተቀጥሬ ነው። ያ ልጅ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል፣ ባገኘኝ ቁጥር «ይቅርታ አልጠየከኝም» ይለኛል።

እና ቀለም ምን ይፈልጋል? የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ቅባት ካለ አይዝም፣ አቧራ ካለ አቧራውን ነው የሚይዘው፣ እቃው እንደ መስታወት ከለሰለሰ ደግሞ ይንሸራተታል። ፕራይመር ማለት በእቃውና በቀለሙ መሀል የሚገባ አስታራቂ ነው፣ አንድ እጁ እቃውን ይዟል አንድ እጁ ቀለሙን ይዟል። የወሎ ሰው አይደላችሁ፣ አባጋር ታውቃላችሁ፣ አባጋር በማይስማሙ ሁለት ወገኖች መሀል ይገባል፣ ግን ወገኖቹ ልባቸውን ሳያጸዱ ብታስታርቃቸው ዕርቁ በሳምንቱ ይፈርሳል። ፕራይመርም ያው ነው። እቃው ካልታጠበ የዓለም ምርጡን ፕራይመር ብታመጡ ይላጣል። ይላጣል!

የፕላስቲክ ኪት ያላችሁ ስሙኝ፣ ፋብሪካ ሲያወጣው ከቅርጹ እንዲለቅ የሚቀቡት ቅባት ነገር አለ፣ አይናችሁ አያየውም ግን አለ። ለብ ባለ ውሃና በላርጎ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት፣ አለቅልቁት፣ ጨርቅ ሳታስነኩ ይድረቅ። ከዛ በኋላ በባዶ እጅ አትያዙት፣ በተለይ ምሳ በልታችሁ ከሆነ፣ የወጡ ቅቤ ጣታችሁ ላይ አለ። በእንጨት ላይ በፕላስተር ለጥፋችሁ እንጨቱን ነው የምትይዙት። በስሪዲ ፕሪንተር የምታወጡት የሬዚን እቃም ታጥቦ በብርሃን በደንብ ሳይደርቅ አይቀባም፣ ውስጡ የቀረችው እርጥብ ሬዚን ቀስ ብላ ወጥታ ቀለሙን ትገለብጠዋለች።

ፕራይመር ሁለተኛ ሥራ አለው፣ ሀሜተኛ ነው። እኔ ደስ የሚለኝ ይሄ ባህሪው ነው። በስቱኮ የደፈንከውን ስንጥቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ጀምረህ ያልጨረስከውን፣ ሙጫ የፈሰሰበትን፣ የደበከውን ሁሉ አደባባይ ያወጣዋል። ፕላስቲኩ ነጭ፣ ስቱኮው ቢጫ፣ ሙጫው የሚያብረቀርቅ ሆኖ እያለ አይንህ ይታለላል፣ ሁሉም አንድ ግራጫ ሲሆን ግን መደበቂያ የለም። ስለዚ ከነፋችሁ በኋላ ጥፋት ስታዩ አትናደዱ፣ ለዛ ነው የነፋችሁት፣ አርሙትና ድጋሚ ንፉ።

ታዲያ አታወፍሩት። እዚ ጋ ሞዴል ከመኪና ይለያል፣ እኔም ከጋራዥ ስመጣ የቸገረኝ ይሄ ነው። የመኪና በር ላይ አንድ አስረኛ ሚሊሜትር ምንም አይደለም፣ በ1:72፣ ማለት ከእውነተኛው 72 ጊዜ አንሶ የተሠራ ሞዴል ላይ ግን ያቺ አንድ አስረኛ በእውነተኛው ልክ ብትሰላ ከ7 ሚሊሜትር በላይ ናት። 7 ሚሊሜትር ቀለም የተቀባ መኪና አይታችሁ ታውቃላችሁ? የበሩ መስመር ይጠፋል፣ ብሎኑ ይጠፋል፣ ፊቱ እንደ ፓንኬክ ይሆናል።

ሁለተኛው፣ የቱ ለየቱ። ሱቅ ሄዳችሁ «ፕራይመር ስጠኝ» አትበሉ። ሰውዬው የሚሰጣችሁ ያለውን ነው። መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፣ እቃዬ ከምንድነው የተሠራው? ይሄን ሳልጠይቅ የሆንኩትን ልንገራችሁ።

አንድ የአርክቴክቸር ተማሪ የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ሠርቶ መጣ። እውነተኛው ቁመቱ ወደ 12 ሜትር ይጠጋል፣ ልጁ በ1:50 ስለሠራው 24 ሴንቲሜትር ገደማ ሆነለት፣ ከነጩ ፎም፣ ያ ቴሌቪዥን ታሽጎ ከሚመጣበት ፎም ነው የቀረጸው፣ ጣራው ላይ ያለችው መስቀል በመስቀል ላይ ሳትቀር፣ መስኮቶቹ ሳይቀሩ። ሁለት ወር ፈጅቶበታል። ነገ ጠዋት ነው የሚያቀርበው። «ጋሼ ቀለሙን ብቻ እርሶ» አለኝ። እኔ ደግሞ ጉራ! ስንት ላንድክሩዘር የቀባሁ ሰው ይቺን? ብረት እንዳይዝግ የሚቀባው ቀይ አንቲረስት በጣሳ ስፕሬይ ነበረኝ፣ ነቀነቅኩና ነፋሁት። ሲስስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ከጣሳው መሰለኝ። ከጣሳው አልነበረም። ጎኑ መግባት ጀመረ፣ መስኮቱ ሰፋ፣ ጣራው ሰጠመ፣ ብል የበላው ጋቢ መሰለ። ልጁ አልጮኸም፣ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር፣ ዝም ብሎ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። 800 ዓመት የቆመውን በ10 ሰከንድ አፈረስኩት።

ምን ሆነ? ፎም ማለት በአየር የተነፋ፣ ፖሊስታይሪን የሚባል ፕላስቲክ ነው። ጣሳው ውስጥ ያለው አሟሚ ፈሳሽ፣ ቶሉይን በሉት ዛይሊን በሉት አሴቶን በሉት፣ ፖሊስታይሪንን ያቀልጣል። ያ ሲስስስ የሚለው ድምፅ አየሩ ሲወጣ ነው። ፎም ቦርድ የምትጠቀሙም ተጠንቀቁ፣ ላዩና ታቹ ወረቀት ስለሆነ ምንም አይልም፣ የተቆረጠው ጠርዝ ግን ፎሙ ባዶውን ነው፣ ከጠርዙ ገብቶ ውስጡን ይበላዋል።

ታዲያ ፎም አይቀባም? ይቀባል፣ በውሃ በሚሠራ ነገር። ኮላ፣ ነጩ የእንጨት ኮላ፣ በትንሽ ውሃ አቅጥናችሁ በብሩሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡት፣ በየመሀሉ ይድረቅ። ወይ ለግድግዳ የምንቀባውን ፕላስቲክ ቀለም ቀቡት። ከዛ በላይ በውሃ ቀለም ቀጥሉ። «ኮላ ከቀባሁ ስፕሬይ እነፋለሁ» የምትሉ አላችሁ፣ ይቻላል፣ ግን የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ያልተሸፈነች ቦታ ከቀረች በእሷ ይገባል፣ ስለዚ በቁራጭ ላይ ሳትሞክሩ እንዳትነኩት። ያን ሌሊት ከልጁ ጋር እስከ ሱብሂ ቁጭ ብለን ከካርቶን አዲስ ሠራን፣ እንደ መጀመሪያው አላማረም፣ ግን ይዞት ሄደ፣ አለፈም።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። የፕላስቲክ ኪት፣ አውሮፕላኑ ታንኩ መኪናው፣ አብዛኛው እሱም ፖሊስታይሪን ነው! የፎሙ ወንድም ነው፣ ልዩነቱ አየር የለውም። ስለዚ የጋራዥ ናይትሮ ቲነር በገፍ ብትነፉበት እንደ ፎሙ ባይጠፋም ፊቱን ያሻክረዋል፣ ቀጫጭኑን ያለሰልሰዋል። ለሞዴል ተብለው የተሠሩት የላከር ፕራይመሮች፣ ላከር ማለት በውሃ ሳይሆን በአሟሚ የሚሠራው ነው፣ ታሚያና ሚስተር ሰርፌሰር የሚባሉት፣ ፕላስቲኩን በስሱ ነከስ አድርገው እንዲይዙ ተመጥነው ነው። ሚስተር ሰርፌሰር ላይ 500፣ 1000፣ 1200፣ 1500 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፣ ልክ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ይደቃል። 500ው ጭረት ይሞላል፣ 1500ው ልስልስ ያለ ነው። ቫሌሆን የመሰሉት በውሃ የሚሠሩት ደግሞ አይነክሱም፣ ላዩ ላይ ነው የሚለጠፉት፣ ሽታቸው ቀላል ነው፣ ለቤት ይሻላሉ፣ ግን ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ሳትነኩ አሳድሯቸው፣ ብርጭቆ ወረቀት ስታሳርፉባቸውም እንደ ላስቲክ መጎተት ይወዳሉ። ከባህር ማዶ ዘመድ ያለው ያስልካል፣ የሌለው በመኪና ቀለም ሱቅ ያለውን በጣም በስሱ፣ በቁራጭ ላይ ሞክሮ። በቁራጭ ላይ ሞክሮ! ስንት ጊዜ አልኩት? ገና እደግመዋለሁ።

ላሜራና ቆርቆሮ የምትሠሩ፣ እንደኔ የሰርዲን ልጆች፣ የእናንተ ቀላል ነው፣ ቅባቱን አጥቡ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፣ አንቲረስት ቀቡ። አልሙኒየም ላይ ግን አንቲረስቱ በደንብ አይዝም፣ ለሱ አሲድ ያለበት ኤች ፕራይመር የሚባል አለ፣ ብረቱን ትንሽ በልቶ ነው የሚይዘው፣ ፕላስቲክ ላይ ግን አትሞክሩት። ድሮ አውሮፕላን የሚቀባበት ቢጫ የዚንክ ክሮሜት ፕራይመር አሮጌ ሱቅ ውስጥ ካገኛችሁ ደግሞ አትግዙ፣ ካንሰር የሚያመጣ ክሮሚየም ነው ያለበት፣ በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

ካርቶን ውሃ ሲነካው ይቆለመማል፣ ፊትና ጀርባውን እኩል ቀቡት። ኤምዲኤፍ፣ ያ ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራው ጣውላ፣ ጠርዙ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል፣ ጠርዙን ቀድማችሁ በኮላ ዝጉት። ጀሶ ውስጡ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ቀለሙን ይገፋዋል። ይበቃል ስለሱ።

ከለርስ? ግራጫ ለሀሜት ነው፣ ሁሌም አትከስሩበትም። ቢጫ ወይ ደማቅ ቀይ የምትቀቡ ከሆነ ግን ነጭ ነው ሥሩ፣ ባጃጁን ሰማያዊ ለመቀባት ግራጫ ይበቃል፣ የሚኒባስ ነጭ ለመቀባት ጥቁር ፕራይመር ላይ ከጀመራችሁ ሙሉ ጣሳ ትጨርሳላችሁ። ጥቁር ለብረት ቀለሞች ነው፣ ለብርማ ለክሮም፣ በተለይ የሚያብረቀርቅ ጥቁር። ላሊበላ ለምትሠሩ ምክሬ ቀዩ ፕራይመር ነው፣ ቀይ ኦክሳይድ የሚሉት፣ ድንጋዩ ራሱ ቀላ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አይደል፣ ሥሩ ቀይ ከሆነ ላዩ ላይ አቧራማውንና ቢጫውን የድንጋይ ሽበት በስሱ ስታሳርፉበት ከውስጥ ቀዩ ይተነፍሳል። እዚ ከኮምቦልቻ የሚያልፈውን የባቡር መስመር ፉርጎ የሚሠራ ልጅም አይቻለሁ ከኋላ፣ ላንተም ያው ቀዩ ነው፣ ዝገት ስትጨምርበት ከሥሩ ያግዝሀል።

ደሞ አንድ ሕግ፣ ኃይለኛው ከታች ደካማው ከላይ። ላከር ከታች ሆኖ የውሃ ቀለም ወይ የዘይት ቀለም ከላይ ይሄዳል። ያልደረቀ የዘይት ቀለም ላይ ላከር ብትነፉ ሥሩን ያቀልጠውና እንደ አሮጊት ፊት ይጨማደዳል፣ ይቅርታ እማማ እርሶን አይደለም።

እሺ ሦስተኛው። አነፋፉ። አሁን የደሴና የኮምቦልቻ ነገር መጣች።

ደሴ ጉም አለ፣ እርጥበት አለ። ላከር በእርጥብ አየር ከነፋችሁ ቶሎ ሲተን ፊቱን ያቀዘቅዘዋል፣ ቀዝቃዛው ፊት ከአየሩ ውሃ ይስባል፣ ቀለሙ ወተት የፈሰሰበት መስሎ ይነጣል። ዝናብ ሲል፣ ጉም ሲል፣ ተዉት፣ ነገ ንፉ። ኮምቦልቻ ደግሞ ቀን በጠራራው ፀሐይ ከነፋችሁ ጠብታው አየር ላይ ይደርቅና እቃው ላይ አሸዋ ሆኖ ያርፋል፣ በእጅ ስትዳስሱት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ለደሴ ረፋድ ጉሙ ሲገለጥ፣ ለእናንተ ጠዋት ወይ ወደ አሥር ሰዓት ሲበርድ ጥላ ሥር።

ጣሳው በብርድ ግፊቱ ይደክማል፣ እየተፋ ነው የሚረጨው። ምን ታደርጋላችሁ? እጅ የማያቃጥል ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አምስት አሥር ደቂቃ አቁሙት። ለብ ያለ! ምድጃ ላይ የሚያስቀምጥ አይቻለሁ በአይኔ፣ ያ ጣሳ ቦምብ ነው፣ ራሱ ላይ ከ50 ዲግሪ በላይ አታሙቀኝ ብሎ ይጽፋል። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይም አትተዉት፣ አልቋል ብላችሁ አትብሱትም።

ጣሳው ውስጥ ያለችው ኳስ መንቋቋት ከጀመረች በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ ነቅንቁ። ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ራቁ፣ አንድ ስንዝር ከምናምን በሉት። መንፋቱን ከእቃው ውጪ ጀምራችሁ እቃውን አልፋችሁ ነው የምታቆሙት፣ እቃው ላይ ጀምራችሁ እቃው ላይ ካቆማችሁ እዛች ቦታ ላይ ይከማቻል። እጃችሁ ይሂድ፣ አይቁም።

ስንት ጊዜ? ሦስት ጊዜ፣ እንደ ቡና። ግን ግልባጩን! ቡና ስትጠጡ አቦሉ ነው የሚወፍረው፣ ቶናው ይቀጥናል፣ በረካው ውሃ ይሆናል። ፕራይመር ላይ አቦሉ ጤዛ ነው፣ እቃው ከሥር እየታየ ጠቃጠቆ የምታደርጉት፣ አቦል ላይ ለመሸፈን የቸኮለ ሰው ያንጠባጥባል። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ትጠብቃላችሁ፣ ቶናው በዛ ያለ፣ ሌላ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ፣ በረካው ላይ ነው ሸፍኖ እርጥብ መስሎ የሚያርፈው። ከዛ ጣሳውን ገልብጣችሁ ጋዝ ብቻ እስኪወጣ ጫኑት፣ አፉ አይደፈንም። ለነገሩ ሁለተኛው ላይ ከተሸፈነ ሦስተኛ አያስፈልግም፣ በረካ ቢቀር ማንም አያስቀይምም።

አሁን እናቶች ስሙኝ። ደሴ ተከራይቼ በምኖርበት ጊዜ፣ ክረምት ነው፣ ብርድ ነው፣ መስኮት ዘግቼ እየሠራሁ ነው። የቀለም መንፊያ የማጥብበት አንድ ቆርቆሮ ቲነር መሬት ላይ አስቀምጫለሁ። አከራዬ፣ እማማ ነው የምላቸው፣ በረንዳው ላይ ቄጤማ ጎዝጉዘው ቡና ያፈላሉ፣ ከኔ በር አንድ ሜትር። «ልጄ ና ቡና ጠጣ» ሲሉኝ ተነሳሁ፣ እግሬ ቆርቆሮውን መታው፣ ቲነሩ በበሩ ሥር ወጣ። ገና ምድጃው ጋ አልደረሰም እኮ! ፈሳሹ ሳይደርስ እሳቱ ራሱ ወደ ፈሳሹ መጣ። ቡፍ! ቄጤማው ነደደ፣ የእማማ ነጠላ ጫፍ ተለበለበ፣ ጀበናው ተገለበጠ። ብርድ ልብስ ጥዬበት ጠፋ፣ አልሀምዱሊላህ ሰው አልተጎዳም። እማማ ግን ለአንድ ዓመት ቡና ላይ ሲያወሩት «ቤቴን ያቃጠለው ልጅ» ነው የሚሉኝ።

ለምን ሆነ? የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ አይሄድም፣ መሬት ለመሬት እንደ ጉም ይሳባል፣ በበር ሥር ያልፋል፣ ከሰሉን ያገኘዋል። ስለዚ ከሰል፣ ሻማ፣ ጧፍ፣ እጣን ማጨሻ፣ ምጣድ፣ ሲጋራ፣ በሚነፋበት ቤትም በጎረቤቱም ክፍል አይኑር። ያውም ቤት ውስጥ አትንፉ፣ ጓሮ ውጡ፣ ነፋስ ከጀርባችሁ ይሁን።

ሌላው ሳንባ ነው። አብሮኝ ጋራዥ የሠራ ልጅ ነበር፣ ከኔ የተሻለ እጅ ያለው። ሃርድነር የሚባል ማጠንከሪያ እየቀላቀልን የምንነፋውን የመኪና ፕራይመር ለዓመታት በሶፍት አፉን ሸፍኖ ነፋ። ሃርድነሩ ውስጥ አይሶሲያኔት የሚባል አለ፣ ሽታው አያስጠነቅቅም፣ ሰውነት አንዴ ከተቆጣበት በኋላ ትንሿም ትበቃለች አስም ታስነሳለች። ዛሬ ያ ልጅ ጋራዥ በር ላይ ሲያልፍ ደረቱ ይዘጋል። ሱቅ ከፍቷል፣ ሞባይል ካርድ ይሸጣል፣ እጁ ግን እስካሁን ቀለም ያስታውሳል። ለሞዴል ሃርድነር ያለበት ነገር አያስፈልጋችሁም። አያስፈልጋችሁም! ጋራዥ ዘመድ አለኝ ይሰጠኛል ብላችሁ አትቀበሉ።

ማስክ የምትሉት ያ የኮሮናው ሰማያዊ ማስክ ትነት አያቆምም። ሻሽ አያቆምም፣ ነጠላ አያቆምም። የሚያቆመው ግራና ቀኝ ካርትሪጅ ያለው የጎማ ማስክ ነው፣ ካርትሪጁ ውስጥ ከሰል አለ ትነቱን የሚይዝ፣ ከፊቱ ደግሞ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ይታከልበታል። ስትገዙ ለኦርጋኒክ ትነት የሚል ይኑረው። ተጠቅማችሁ ስትጨርሱ ላስቲክ ውስጥ አሽጉት፣ ክፍት ከተዋችሁት የቤቱን አየር እየጠጣ ያልቃል። ማስኩን አድርጋችሁ ሽታ ከመጣ ካርትሪጁ አልቋል ወይ ፊታችሁ ላይ አልገጠመም። ጺም ያላችሁ ወንድሞች፣ ማሻ አላህ ያምራል፣ ግን በጺሙ መሀል ይገባል።

አንዷ እህቴ እጇን አወጣች፣ በይ። «ማስኩ ውድ ነው ባንችልስ?» ጥሩ ጠየቅሽ። ካልቻልሽ አትንፊ። በብሩሽ በውሃ የሚሠራውን ቀቢ፣ ቀጭን አድርገሽ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ። የብሩሽ መስመር ይታያል ካልሽ ሲደርቅ በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እሺው። ወይ አምስት ስድስት ሆናችሁ አንድ ማስክ ግዙ፣ በተራ ንፉ፣ ሌላው ራቅ ብሎ ይቁም። የውሃው ፕራይመር ሲነፋ ግን ብናኙ ሳንባ ይገባል፣ ውሃ ነው ብለሽ ያለ ምንም እንዳትነፊው።

ወተት! ወተቱን ረስቼ። ጋራዥ ውስጥ ስንቀባ ውለን ወተት ይገዛልናል፣ «ቀለሙን ያጥብላችኋል» ይባላል። እኔም ለዓመታት ጠጥቻለሁ። ወተቱ የሚገባው ሆድ፣ ትነቱ የገባው ሳንባ፣ የት ይገናኛሉ? ወተት ጠጡ፣ አልከለክልም፣ ምግብ ነው፣ ግን በማስክ ፈንታ አይደለም። ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ካዞራችሁ፣ እንደ ሰከረ ሰው ካሳቃችሁ ወዲያው ውጡ ወደ ንጹህ አየር። ደግሞ በቀለም እጅ ጫት የምትቀነጥሱ ልጆች፣ አውቃችኋለሁ፣ አትሳቁ፣ እጃችሁ ላይ ያለው ከቅጠሉ ጋር ነው የሚገባው። ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ በቲነር አትታጠቡ፣ ቲነር ቆዳውን አድርቆ ይሰነጣጥቀዋል በቆዳም ይገባል። ነፍሰ ጡር ካለች ቤት ውስጥ ጭራሽ አትክፈቱት።

የቆሸሸ ቲነር የት ትደፋላችሁ? ቦይ ውስጥ አይደል? ቦዩ ወዴት ይሄዳል? ቦርከና። ከብት ይጠጣዋል፣ ከታች ሰው ጎመን ያጠጣበታል። ጠርሙስ ውስጥ ከድናችሁ አቁሙት፣ በሳምንቱ ቀለሙ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ላዩ ኩልል ይላል፣ እሱን ቀድታችሁ መልሳችሁ ለማጠቢያ ተጠቀሙበት። እኔ አንድ ሊትር ቲነር ስንት ወር እንደምጠቀም ብነግራችሁ ቆንቋና ትሉኛላችሁ።

በቃ ጨረስኩ መሰለኝ፣ ሰዓቱም ሄዷል። አሁን ከጀርባ ያለው ግቢ እንውጣ፣ ነፋሱ ከወንዙ በኩል ነው እየመጣ ያለው ስለዚ በግራ በኩል ቁሙልኝ። ይዤ የመጣሁት ማስክ ሁለት ብቻ ነው፣ በተራ ነው የምትነፉት፣ ቁራጭ ፕላስቲክና ቁራጭ ፎም ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ፎሙ ሲቀልጥ ማየት የምትፈልጉ ቅድሚያ ለእናንተ ነው። ቡናውን የምታፈሉት እህቶች፣ ጀባ ማለቱን አልጠላም፣ ግን እባካችሁ ምድጃውን ወደዛኛው በረንዳ ውሰዱልኝ።